የሰው ገንዘብ መቁጠር የተማርንበት ታሪክ

(ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።)

"ትምህርት ቤት ስለ ገንዘብ ምንም አላስተማረንም" የሚል ወቀሳ በየጊዜው ይነሳል። ፌስቡክ ላይም ሻይ ቤትም ሰው ፒታጎረስን ይረግምና "ለምን ገንዘብ አያያዝ አላስተማሩንም?" ይላል። ወቀሳው ግማሽ እውነት አለው። ግን የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ስለ ገንዘብ አስተምሮ አያውቅም ማለት ስህተት ነው። ከ80 ዓመት በላይ አስተምሯል። ነገሩ ያለው የማንን ገንዘብ ነው ያስተማረው የሚለው ላይ ነው። የመንግሥትን፣ የባንክን፣ የድርጅትን ገንዘብ የሚቆጥርና የሚመዘግብ ሰው ሲያሠለጥን ኖሯል። ተማሪው ኪስ ውስጥ ስላለችው ብር፣ አባቱ ስላለበት ዕዳ፣ እናቱ ስለምትጥለው ዕቁብ ግን ክፍል ውስጥ የተነሳ ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ ግን ትምህርት ቤት ሳይኖር ሕዝቡ የገንዘብ እውቀት አልነበረውም ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ያስተካክል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የጨው አሞሌ ከሚቆፈርበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር የመግዛት አቅሙ እንደሚጨምር ጽፏል። የእኛ ሰፈር ሰው ይህንን ለማወቅ አልቫሬዝን አልጠበቀም። የአፋር ቆላና የወሎ ደጋ የሚገናኙበት መንገድ ላይ ነው የምንኖረው፤ ነጋዴው በየገበያው ያለውን ልዩነት እያሰላ ነው የኖረው። ጠገራ ብርም (ማርትሬዛ) ስትመጣ ያው ነው። በላይዋ ያለው 1780 የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ስትመታ የኖረች የኦስትሪያ ብር ናት። ማንበብ የማይችል ገበሬ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥቦች በጣቱ ዳስሶና ቆጥሮ፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምጿን ሰምቶ እውነተኛዋን ከሐሰተኛዋ ይለያል። ይህ የገንዘብ ትምህርት ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው?

ዘመናዊ ባንክና ዘመናዊ ትምህርት ቤት የመጡልን ደግሞ በአንድ ሰሞን ነው፤ ያውም ከአንድ አገር። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 በአዲስ አበባ ሲከፈት ያስተዳደረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት የግብፅ ኮፕቶች ነበሩ። ባንኩ ጸሐፊና ተርጓሚ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ ቋንቋና ሒሳብ ያስተምራል። ሕዝቡ ግን ጠገራውን ጋን ውስጥ አድርጎ መቅበሩን ቀጠለ። ባንክ ማለት ለንጉሡና ለነጋዴው የሆነ ነገር ነው።

ከጣሊያን በኋላም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ብዙዎቻችን ኮሜርስ የምንለው። የጽሕፈት መኪና፣ አጭር ጽሕፈት፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ይሰጥበታል። ሐምሌ 16 ቀን 1937፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ገንዘቡን የሚመዘግብ፣ ደብዳቤውን የሚጽፍ፣ ካዝናውን የሚጠብቅ የተማረ ሰው አስፈለገ። ኮሜርስ ያንን ሰው አፈራ። በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ አላጣጥለውም። ዓላማው ግን ግልጽ ነው፦ ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤቱ፣ የሚቆጥረው ተማሪው።

ውጭ አገር ሌላ መንገድ የሞከሩ ነበሩ። ቤልጅየም ውስጥ ጌንት በምትባል ከተማ ፍራንሷ ሎራን የሚባል የሕግ ፕሮፌሰር በፈረንጅ 1866 ገደማ ተማሪዎች ሳንቲማቸውን ክፍል ውስጥ ለመምህሩ እየሰጡ በየራሳቸው ደብተር የሚቆጥቡበትን ነገር አስጀመረ። ሐሳቡ አሜሪካ ድረስ ሄዷል። ልጁ የሚማረው በራሱ ሳንቲም ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የራሱ ነው። በነገራችን ላይ ሎራንን የሠራተኛው መደብ ልጆች ላይ ስግብግብነት አስተማረ ብለው የተቹትም አልጠፉም። ያም ሆኖ የእኛ አገር ትምህርት ቤት ይህን መንገድ ዋና ሥራው አድርጎ አልያዘውም።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ "ኮምፕረሄንሲቭ" የሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ። በእኛ አቅጣጫ ስሙ የሚነሳው የደሴው ወይዘሮ ስኂን ነው። ከቀለም ትምህርቱ ጎን ንግድ ሥራ፣ ግብርና፣ የእጅ ሙያ፣ የቤት አያያዝ ይሰጥ ነበር። በእኔ እምነት ስለ ግል ገንዘብ ወደማስተማር በጣም የተጠጋንበት ጊዜ ይህ ነው። የቤት አያያዝ ትምህርት የቤተሰብን ገቢና ወጪ ይነካል፤ ንግድ ሥራው ደግሞ መዝገብ ያስይዛል። ጉዳቱ አንዱ ለሴቶች፣ ሌላው ለወደፊት ጸሐፊዎች ተብሎ መለየቱ ነው። የገበሬው ልጅ የሚማረው ግብርና ነው እንጂ የግብርናውን ገንዘብ አይደለም።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ልክ በዚያው ዘመን፣ በ1965 እና በ1966፣ ወሎ ላይ የሆነውን ሁላችንም ከአያቶቻችን ሰምተናል። በዋናው መንገድ ዳርና ዳር ያለው አገር፣ ያኔ የጁ አውራጃ ይባል የነበረው የእኛው አካባቢ ጭምር፣ ክፉኛ ተጎድቷል። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን (በኋላ በፈረንጅ 1998 ኖቤል የተሸለመው) በፈረንጅ 1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወራው መጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያው ረሃብ ሰጥቶታል። ያስገረመው ነገር ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ በረሃቡ መጠን አለመናሩ ነው። ሰው በረሃብ እያለቀ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበረም ጠቅሷል። እንዴት? ገበሬው እህሉ ሲጠፋበት የሚገዛበት ገንዘብም አብሮ ጠፋበት። ገዢ ከሌለ ዋጋ አይወጣም፤ እህሉም ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የገበሬው ባንክ ከብቱ ነው። በደህና ቀን በሬ ትልቅ ሀብት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርልሃል። በክፉ ቀን ግን ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ከብቱን ወደ ገበያ ይነዳል። ሁሉም ሻጭ ሲሆን በሬ የበግ ዋጋ ያወጣል። አፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ የባሰ ደረሰበት፤ ከብቱ ሞቶ የተረፈውም በእህል ሲመነዘር እዚህ ግባ አይባልም። ቁጠባህን በሙሉ ድርቅ በሚጎዳው አንድ ነገር ላይ ካስቀመጥክ፣ በድርቅ ቀን ገቢህም ቁጠባህም በአንድ ላይ ይሄዳሉ። ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ላይ በእንግሊዝኛ ይማሩታል። የሀብሩ ልጅ በራሱ አያት ታሪክ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቢማረው ምን ነበረበት? ስለ ወሎ ረሃብ በታሪክ ትምህርት የምናወራው ንጉሡን ስለመጣሉ ነው። ስለ በሬው ዋጋ የሚያወራ የለም።

ደርግ ላይ ብዙ አልቆይም። ባንኮቹ ታኅሣሥ 1967 ላይ ተወረሱ። የግል ሀብት ራሱ የሚያስጠረጥር በሆነበት ጊዜ ስለ ግል ገንዘብ የሚያስተምር ትምህርት አይጠበቅም፤ ለፖለቲካ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተሰጠ። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። በ1969 የንጉሡ ምስል ያለበት ገንዘብ ተቀይሮ አሁን ብር የምንለው ወጣ። በ1990 ከኤርትራ ናቅፋ ጋር በተያያዘ ኖቱ እንደገና ተቀየረ። መስከረም 2013 ደግሞ 200 ብሩ የመጣበትን ለውጥ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ጊዜ። ሣጥን ውስጥ ወይም መሬት ውስጥ ገንዘብ ያስቀመጠ፣ ሬዲዮ የሌለው፣ ከባንክ የራቀ ሰው በየጊዜው ምን እንደሚያጣ አስቡት። ይህም በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም።

አሁን ወደ 1986 ልምጣ፤ ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ዓመት ነው። ጥር 1986 ላይ የግል ባንክ እንዲቋቋም የሚፈቅደው አዋጅ ወጣ። አዋሽ፣ ዳሽን፣ አቢሲንያ ተከታትለው መጡ። በእኛ ክልል ደግሞ አብቁተ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ገበሬውን በቡድን እያደራጀ ማበደርና ማስቆጠብ ጀመረ (ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል)። በዚያው በ1986፣ ሚያዝያ ላይ፣ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ፖሊሲው ሙያውን ከቀለም ትምህርቱ ለይቶ ወደ ቴክኒክና ሙያ ላከው። ኮምፕረሄንሲቩ በሂደት ቀረ፤ ንግድ ሥራውም የቤት አያያዙም ከሁለተኛ ደረጃ ወጡ። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት። ባንክ፣ ብድርና አክሲዮን ወደ ተራው ሰው መንደር መምጣት በጀመሩበት ዓመት፣ ስለ እነሱ ትንሽም ቢሆን ያወራ የነበረው ትምህርት ከመደበኛው ክፍል የሚወጣበት ውሳኔ ተወሰነ። ማንም አስቦበት ያደረገው አይመስለኝም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው አልተያዩም፤ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረልን 11ኛና 12ኛ ክፍል ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሚሰጠው ኢኮኖሚክስና ጀነራል ቢዝነስ ነበር። በ10ኛ የቀረ ልጅ አያገኘውም ነበር፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም አያገኘውም ነበር። በ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ለማኅበራዊ ሳይንሶች ብቻ የተመደበ "ለንግድና ለሸማች የሚሆን ሒሳብ" የሚል ምዕራፍ ነበር። ስለ ግዢ፣ ስለ መቶኛ ጭማሪና ቅናሽ፣ ስለ ደመወዝ ያወራል። ስለ ቤት ግዢ ብድር ወጪም አለበት! ጥሩ ምዕራፍ ነው፤ ግን የመጽሐፉ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የመጨረሻ ምዕራፍ ዕጣ ምን እንደሆነ መምህር የሆነ ያውቀዋል። የአገሪቱ ፈተና እየደረሰ ማን ይደርስበታል? የቤት ብድሩስ ውርጌሳ ላለ ልጅ ምኑ ነው? የእሱ ቤተሰብ የሚያውቀው ብድር አራጣ ነው፤ ወይም አበዳሪው መሬቱን ይዞ እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ የሚበላበት ወለድ አገድ ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለሁሉም ተማሪ መሰጠቱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አመሰግናለሁ። ስለ ገንዘብ ምንነትና ስለ ሥራ ፈጠራም ምዕራፍ አለው። ግን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ አቀራረቡም የአገር ኢኮኖሚ ነው። ፍላጎትና አቅርቦት፣ ጂዲፒ። ተማሪው "ኢንተረስት ሬት" ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። አባቱ ባለፈው ክረምት የተበደረው ገንዘብ ላይ ያለው ነገር ያው ኢንተረስት መሆኑ ግን አይታየውም። አንዱ የፈተና ቃል ነው፤ ሌላው የቤት ምስጢር።

እስቲ ያንን የቤት ምስጢር ጥቁር ሰሌዳ ላይ እናውጣው። ለምሳሌ ያህል 50,000 ብር በወር በ10 ከመቶ ብትበደርና በየወሩ ወለዱ እየተደመረ ዓመት ቢሞላው ዕዳው ከ156,000 ብር በላይ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሰው ለሰው ሲያበድር በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይቻልም ይላል። በዚህ ስሌት የዓመቱ ወለድ 6,000 ብር ብቻ ነው። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ይህን ሕግ የሚያውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስንት ነው? ሙስሊም ተማሪ ደግሞ ወለድ ትንሽም ይሁን ብዙ ሐራም ነው ብሎ ሲያነሳ መጽሐፉ መልስ የለውም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አገራችን ላይ ከተፈቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዘምዘምና ሂጅራም ባንክ ሆነው ተከፍተዋል። ወሎ ውስጥ ስለ ወለድ የሚያስተምር ሰው ይህን ዘሎ እንዴት ያልፋል?

ይህ ሁሉ ሀብሩ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በስደቱ ምክንያት ነው። ከውርጌሳ፣ ከመርሳ፣ ከገጠሩም ቀበሌ ልጆች ትምህርታቸውን አቋርጠው በአፋር፣ በጅቡቲ፣ በየመን አድርገው ሳዑዲ ይሄዳሉ። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከእኛ መንደር ያልነበረበት ቤት ይኖራል ብዬ አላስብም። ጉዞው የሚጀምረው በብድር ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አንድ የ16 ዓመት ልጅ በሕይወቱ የሚወስነው ትልቁ የገንዘብ ውሳኔ የሚወሰነው እዚሁ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እያለ ነው። ዕዳው ስንት ነው? በስንት ወር ደመወዝ ይከፈላል? መንገድ ላይ ቢያዝና ማስለቀቂያ ቢጠየቅ ማን ይከፍላል? ደላላው እነዚህን አሳምሮ ያውቃቸዋል። ልጁ አያውቃቸውም።

ደርሳ ገንዘብ የላከች እህትም ሌላ ፈተና አለባት። ባንክ ውስጥ ብር አስቀምጪ አልናት፤ አስቀመጠች። በ2015 አንድ ሪያል በባንክ 15 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በ2017 አጋማሽ ሪያል ከ30 ብር አለፈ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ ሆኖ ሳለ የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ የነበረበትን ዓመትም አይተናል። 1,000 ብሯ 1,070 ሆነ፤ በ1,000 ብር ትገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ1,300 ብር በላይ ሆነ። "ቆጥቡ" የሚለው የባንክ ፖስተር ይህን አይነግራትም። ባንኩ ደንበኛ ነው የሚፈልገው፤ አይፈረድበትም። የትምህርት ቤት ሥራ ግን ከፖስተሩ የተለየ መሆን ነበረበት።

ዕቁብንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። 12 ሰው በወር 1,000 ብር ቢጥል መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረ። ንረቱ 30 ከመቶ ከሆነ የመጨረሻው ሰው የሚቀበለው 12,000 ብር መጀመሪያ ላይ ከ9,500 ብር በታች ይገዛ የነበረውን ነው የሚገዛው። ስለዚህ ዕቁብ መጥፎ ነው? አይደለም። ዋስ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ይሉኝታ አለው፤ ባንክ የማያበድረውን ሰው ያበድራል። የእኛ ቅሬም እንዲሁ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየመዋጮው ሞትን ተካፍሎ የሚሸከምበት፣ መድን ድርጅት ሳይመጣ የነበረ መድን ነው። እነዚህ ሁለቱ ብቻ የአንድ መንፈቀ ዓመት ትምህርት ይወጣቸዋል።

ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተደራሽነት ስትራቴጂ አውጥቶ ብዙ ተሠርቷል። በዓለም ባንክ ጥናት መሠረት አካውንት ያለው ዐዋቂ በፈረንጅ 2014 ከመቶ 22 ነበር፤ በ2022 ከመቶ 46 ደርሷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 መጣ፤ ከዓመት በኋላ ከዳሽን ባንክ ጋር በስልክ ብድር ጀመረ። ማለትም ብድር ዛሬ ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ ኪስ ውስጥ ናት።

ሙግት አይጠፋም። ትምህርቱ ቢሰጥስ ይጠቅማል ወይ የሚል ጥያቄ ውጭ አገርም አለ። በፈረንጅ 2014 የታተመ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ጥናቶችን የገመገመ ሥራ የገንዘብ ትምህርት በሰዎች ኋለኛ ባህርይ ላይ ያለው ውጤት እጅግ ትንሽ እንደሆነ፣ ትምህርቱም ጊዜ ሲያልፈው እንደሚጠፋ አሳይቷል። ጸሐፊዎቹ የሚመክሩት ትምህርቱ ውሳኔው በሚወሰንበት ሰዓት አካባቢ እንዲሰጥ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ተስፋ አልቆረጥኩም። የአሜሪካ ልጅ 16 ዓመቱ ላይ ስለ ጡረታ ቁጠባ ሲማር ውሳኔው ገና ሩቅ ነው፤ ቢረሳው አይገርምም። የእኛ ልጅ ግን የሚወስነው በሚመጣው ሳምንት ሊሆን ይችላል።

አዲስ የትምህርት ዓይነት ይጨመር አልልም፤ ያሉትም በዝተዋል። የ9ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ ስለ ገንዘብ ሲደርስ አንድ ሳምንት በአማርኛ ስለ አራጣና ስለ ደላላ ብድር ይሰላ። የሒሳብ መምህሩ የመቶኛ ጥያቄውን ከአሜሪካ ቤት ግዢ ወደ ሪያልና ወደ በሬ ዋጋ ያምጣው። አንድ የቅሬ ዳኛ ክፍል ገብተው መዝገባቸውን ያሳዩ። ወጪው ጠመኔ ብቻ ነው። መምህር ስለ ገንዘብ ሲያስተምር የሚስቅ ተማሪ ይኖራል፤ ደመወዛችንን ስለሚያውቅ። ይሳቅ።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው አለ። በ1960ዎቹ ወይዘሮ ስኂንም ሆነ ሌላ ቦታ ንግድ ሥራ ወይም የቤት አያያዝ የተማራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወይም እነሱን የምታውቁ ልጆቻቸው፣ ምን ምን እንደተማራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የድሮ ደብተር ያለው ፎቶ አንስቶ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። በተለይ የቤት አያያዙን ደብተር አጥብቄ እፈልጋለሁ።